በኦዱ የዳታ ሞዴል ትርጉምን በኮማንድ ላይን ማውጣትና ማስገባት፦ ፋይሉ ያለ ስሕተት ገባ፣ አማርኛው ግን በከፊል ብቻ ታየ

ገንቢ_ከአዳማ

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት።

ኦዱ በተባለው የድርጅት አስተዳደር ሶፍትዌር 17ኛ ስሪት ላይ ለአንድ የጅምላ ንግድ ድርጅት የሠራነውን የመጋዘን ሞጁል በአማርኛ ለማቅረብ እየተዘጋጀን ነው። የመጋዘን ሠራተኞቹና ገንዘብ ያዦቹ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት ከዚህ ሲስተም ፊት ስለሆነ፣ አማርኛው ሥራው ያለ እንከን እንዲሄድ የግድ ያስፈልጋል። ድርጅቱ ለየቅርንጫፉ የተለያየ ዳታቤዝ ስላለው፣ በየዳታቤዙ እየገቡ ትርጉሙን በብሮውዘር አንድ በአንድ መሙላት የማይቻል ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም በኮማንድ ላይን ለማድረግ ወስነናል።

ትዕዛዞቹን እንደ አነባበባቸው ልጻፍ። በመሞከሪያው ሰርቨር ላይ ትርጉሙን ያወጣነው በዚህ ነው፦

ኦዱ-ቢን -ሲ ኦዱ.ኮንፍ -ዲ መሞከሪያ -ኤል ኤኤም_ኢቲ --ሞጁልስ=መጋዘን --አይ18ኤን-ኤክስፖርት=ኤኤም.ፒኦ

ተርጓሚዋ ፋይሉን ሞልታ ከመለሰችልን በኋላ ወደ ዋናው ዳታቤዝ ያስገባነው ደግሞ በዚህ ነው፦

ኦዱ-ቢን -ሲ ኦዱ.ኮንፍ -ዲ ዋና -ኤል ኤኤም_ኢቲ --አይ18ኤን-ኢምፖርት=ኤኤም.ፒኦ

ትዕዛዙ ምንም ስሕተት ሳያሳይ ተፈጸመ። ሲስተሙ ሲከፈት ሜኑዎቹና አብዛኞቹ የፊልድ ስሞች አማርኛ ሆነዋል። ነገር ግን ዕቃ ከሚፈቀደው በላይ ለማውጣት ሲሞከር የሚመጣው ማስጠንቀቂያ አሁንም በእንግሊዝኛ ነው፤ የድርጅቱ ሠራተኞች ራሳቸው የመዘገቧቸው የዕቃ ምድቦችና የክፍያ ውሎች በፋይሉ ውስጥ ጨርሶ አልወጡም፤ ቀደም ሲል ትርጉም የነበራቸው አንዳንድ የፊልድ ስሞች ደግሞ ተርጓሚዋ አዲስና የተሻለ ቃል ብትሰጣቸውም አሮጌውን እንደያዙ ቀርተዋል። ሦስቱ ችግሮች ምንጫቸው አንድ ነው ወይስ የተለያየ? የሚያውቅ ቢያብራራልን በጣም እናመሰግናለን።

የዳታቤዝ_ሰው

የሦስቱም ምንጭ የተለያየ ነው፤ ሆኖም ለመነሻ የፒኦ ፋይሉን (ምንጭ ቃላትንና ትርጉማቸውን የያዘውን የጽሑፍ ፋይል) ከፍቶ በየቃሉ ላይ ያለውን የማጣቀሻ መስመር ማንበብ ይጠቅማል። አብዛኞቻችን የምናየው የእንግሊዝኛውን ቃልና ከሥሩ ያለውን የትርጉም ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ከላይ በነጠላ ሰረዝና በነጥብ የተለያየው መስመር የማይጠቅም መስሎ ይታየናል። ዋናው መረጃ ግን ያለው እዚያ ነው።

የማጣቀሻ መስመሩ በ«ሞዴል» የሚጀምር ከሆነ ቃሉ የአንድ መዝገብ ሙሉ ዋጋ ነው፤ የፊልድ ስም፣ የሜኑ ስም፣ የምርጫ ዝርዝር እና የመሳሰሉት በዚህ ይገባሉ። በ«ሞዴል_ተርምስ» ከጀመረ ቃሉ ከአንድ ረጅም ጽሑፍ፣ ለምሳሌ ከቪው (የገጹን አቀማመጥ ከሚወስነው ፋይል) ወይም ከኢሜይል ቅጽ ውስጥ፣ ተቆርጦ የወጣ ቁራጭ ነው። በ«ኮድ» ከጀመረ ደግሞ ከፓይተን ወይም ከጃቫስክሪፕት ፋይል የመጣ መልእክት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልምጣ። እስከ ኦዱ 15 ድረስ ሦስቱም ዓይነት ትርጉሞች ለብቻው በተዘጋጀ አንድ የትርጉም ሠንጠረዥ ውስጥ ይቀመጡ ነበር። ከኦዱ 16 ጀምሮ ግን ያ ሠንጠረዥ ተነሥቷል፤ የሞዴልና የሞዴል ተርምስ ትርጉሞች በየመዝገቡ ዓምድ ውስጥ በጄሰን-ቢ መልክ (ለየቋንቋው አንድ ቁልፍና ዋጋ በሚይዝ ቅርጽ) ይቀመጣሉ፣ የኮድ ትርጉሞች ደግሞ ዳታቤዙ ውስጥ ጨርሶ አይገቡም። ሰርቨሩ የኮድ መልእክቶችን የሚያነበው በቀጥታ ከሞጁሉ «አይ18ኤን» ፎልደር ውስጥ ካለው ፒኦ ፋይል ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በኢምፖርት ትዕዛዝ አማርኛ ሊሆን አይችልም፤ ፋይሉን በሞጁሉ ፎልደር ውስጥ «ኤኤም.ፒኦ» ብለው ያስቀምጡትና ሰርቨሩን እንደገና ያስነሡት።

የአሮጌዎቹ ቃላት ጉዳይ የሚፈታው በአንድ አማራጭ ነው። የኢምፖርት ትዕዛዝ በተፈጥሮው የሚሞላው ባዶውን ቦታ ብቻ ነው፤ አስቀድሞ የአማርኛ ዋጋ ያለውን ነገር አይነካም። እንዲተካው ከፈለጉ «--አይ18ኤን-ኦቨርራይት» የሚለውን ይጨምሩ። ይህም ሆኖ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ መዝገቦችን ከሞጁላቸው ጋር በሚያያይዘው የውጫዊ መለያ ሠንጠረዥ ላይ «ኖአፕዴት» የሚል ምልክት ያለባቸው መዝገቦች ነባር ትርጉማቸው በዚህ አማራጭም ቢሆን አይተካም። ሞጁሉን ስትገነቡ የዳታ ፋይሎቹን በዚያ ምልክት ውስጥ አስገብታችኋቸው ከሆነ፣ ትዕዛዙ የተሳካ መስሎ አንዳንድ ቃላት ሳይለወጡ የሚቀሩበት ምክንያት ይኸው ነው።

የሠራተኞቹ መዝገቦች ለምን እንዳልወጡ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ስለሚፈልግ ለብቻው እመለስበታለሁ።

ሰርቨር_ጠባቂ

ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ። ከእኔ በኩል ስለ አሠራሩ ቅደም ተከተል ጥቂት ልጨምር።

ኦቨርራይትን በዋናው ዳታቤዝ ላይ ከማስኬድዎ በፊት በፒጂ-ደምፕ (ኦዱ የሚጠቀምበት የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ቅጂ መውሰጃ) ባክአፕ ይውሰዱ። የተተካ ትርጉም በኦዱ ውስጥ የሚመለስበት መንገድ የለም። ቋንቋው በዚያ ዳታቤዝ ውስጥ መጫኑንም ያረጋግጡ፤ አማርኛ ያልተጫነበት ዳታቤዝ ላይ ኢምፖርት ቢያስኬዱ ትዕዛዙ «ቋንቋው አልተገኘም» የሚል አንድ መስመር ሎግ ላይ ጽፎ ምንም ሳያስገባ ያልቃል። ብዙ ዳታቤዞችን በአንድ ስክሪፕት ለሚያስኬድ ሰው ይህ መስመር በቀላሉ ያመልጣል፣ ስለዚህ «--ሎድ-ላንጉጅ=ኤኤም_ኢቲ» የሚለውን በቅድሚያ ለየዳታቤዙ ማስኬድ ይገባል።

ፋይሉንም ከማስገባት በፊት መፈተሽ ያስፈልጋል። የጌትቴክስት መሣሪያዎች (ከፒኦ ፋይሎች ጋር የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ሊኑክስ ላይ በቀላሉ ይጫናሉ፤ «ኤምኤስጂኤፍኤምቲ» የሚባለውን ከ«-ሲ» አማራጭ ጋር ካስኬዱት፣ ያልተዘጋ የጥቅስ ምልክት፣ ሁለት ጊዜ የተደገመ ምንጭ ቃል እና የፓይተን ቅርጽ ምልክት በተደረገበት መስመር ላይ የጎደለ ቦታ ያዥ (ፕሮግራሙ ሲሠራ በእውነተኛው ስም ወይም ቁጥር የሚተካ ምልክት) ካለ መስመሩን ጠቅሶ ይነግርዎታል። እኔ በምሠራበት ቦታ ይህን ፍተሻ ያላለፈ ፋይል ወደ ሰርቨሩ አይደርስም።

ተርጓሚዋ_ገነት_ሰፈር

የትርጉም ሥራ የምሠራ እንጂ ፕሮግራመር አይደለሁም፤ ሆኖም ከገንቢዎች ፋይል ስለምቀበል ይህ ውይይት በቀጥታ ይመለከተኛል። ሁለት ነገር እንድታስቡልን እለምናለሁ።

የመጀመሪያው የፋይሉ ዓይነት ነው። አንዳንድ ገንቢዎች ለሥራ እንዲቀለን ብለው ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የተለዩ የሠንጠረዥ ፋይል) ይልኩልናል፤ በኤክሴል ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገን ስንከፍተው ግን ፊደሉ ሁሉ ተሰባብሮ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። የባሰው ደግሞ እንዲያ እንዳለ «ሴቭ» ከተደረገ በኋላ ወደ ነበረበት መመለስ አለመቻሉ ነው። ፒኦውን በፖኤዲት (የፒኦ ፋይል ማረሚያ ፕሮግራም) ስንከፍት ይህ ችግር አይገጥመንም።

ሁለተኛው የቦታ ያዦች ጉዳይ ነው። በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት የፐርሰንት-ኤስ ምልክቶች ካሉ፣ አንዱ የዕቃው ስም ሌላው የመጋዘኑ ስም ከሆነ፣ አማርኛው የሚጠይቀው ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። «ከቦሌ መጋዘን 20 ካርቶን ዘይት ማውጣት አይቻልም» ለማለት የመጋዘኑ ስም ከፊት መምጣት አለበት፤ ስም የሌላቸው ምልክቶች ግን ቦታቸውን መለዋወጥ አይፈቅዱልንም። ስለዚህ የተጣመመ አማርኛ እንጽፋለን ወይም ዓረፍተ ነገሩን ከሥሩ እንለውጠዋለን። ገንቢዎች ለቦታ ያዦቹ ስም ቢሰጧቸው እኛ እንደ ቋንቋችን ልናስቀምጣቸው እንችላለን።

የዳታቤዝ_ሰው

እኅቴ፣ የቦታ ያዡ ነገር ፍጹም ትክክል ነው። ገንቢዎች ሆይ፣ በፓይተን መልእክቶች ውስጥ ለእያንዳንዱ ቦታ ያዥ ስም መስጠት ከእኛ የሚጠበቅ ትንሹ ነገር ነው፤ ግሡ መጨረሻ ላይ በሚመጣበት ቋንቋ ላይ የእንግሊዝኛውን ቅደም ተከተል መጫን ተገቢ አይደለም።

ሲኤስቪን ግን ጨርሶ እንዳንተወው የሚያደርግ ምክንያት አለ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ፒኦ ፋይል ሲወጣ በአንድ ሞጁል ውስጥ አንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ምንጭ ያላቸው ቃላት ሁሉ በአንድ ግቤት ሥር ይጠቃለላሉ፤ ማጣቀሻዎቹ ከላይ ይደረደራሉ፣ የትርጉም ቦታው ግን አንድ ብቻ ነው። በመጋዘን ሞጁል ውስጥ «ስቴት» የሚለው ቃል በአንድ ፊልድ ላይ የሰነዱን ሁኔታ፣ በሌላው ላይ የአቅራቢውን ክልል ሊያመለክት ይችላል። በዳታቤዙ ውስጥ ሁለቱ በትክክል ተለይተው ቢተረጎሙም እንኳ፣ ወደ ፒኦ ስታወጡት አስቀድሞ የተገኘው ትርጉም ብቻ ተይዞ ሌላው ይጠፋል፤ ያንኑ ፋይል በኦቨርራይት ስትመልሱት ሁለቱም ፊልዶች «ሁኔታ» ወይም ሁለቱም «ክልል» ይሆናሉ። ማውጣትና መመለስ ምንም የማይለውጥ ሥራ የሚመስለው ሰው እዚህ ላይ በጣም መጠንቀቅ አለበት።

ሲኤስቪው እንዲህ አያደርግም። ሞጁል፣ ዓይነት፣ የሞዴሉና የፊልዱ ስም፣ የመዝገቡ መለያ፣ ምንጩ፣ ትርጉሙ እና ማስታወሻው በየራሳቸው ዓምድ ስለሚመጡ እያንዳንዱ መዝገብ የራሱ ረድፍ አለው። የሚመረጠው ዓይነት የሚወሰነው በፋይሉ ስም መጨረሻ ነው፤ ስሙን በሲኤስቪ ከጨረሱት ሲኤስቪ፣ በፒኦ ከጨረሱት ፒኦ ይወጣል። ኤክሴል ላይ መክፈት ግድ ከሆነ ከ«ዳታ» ሜኑ ገብታችሁ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን መርጣችሁ አስገቡት እንጂ በቀጥታ አትክፈቱት። ሊብሬኦፊስ ካልክ ግን ሲከፍት ራሱ ስለሚጠይቅ ለዚህ ሥራ ይሻላል።

ብዙ ሞጁሎችን በአንድ ጊዜ ለሚያወጡ ደግሞ ቲጂዚ (የተጨመቀ የፋይሎች ጥቅል) የተሻለ ነው፤ በአንድ ፒኦ ውስጥ ሁሉንም ሞጁሎች ከመቀላቀል ይልቅ ለየሞጁሉ የራሱን ፎልደር ይሠራል።

ሂሳብና_ሲስተም

እኔ ከሂሳብ ክፍል ወደ ሲስተም ሥራ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ በአንድ ነጥብ ላይ የተለየ አስተያየት አለኝ። ኦቨርራይትን እንደ ተራ አማራጭ ማቅረብ አደገኛ ይመስለኛል። የድርጅቱ ሂሳብ ሠራተኞች በብሮውዘር ገብተው ያረሟቸው ቃላት ብዙ ጊዜ ከተርጓሚው ቃል ይልቅ ትክክለኛ ናቸው። 15 በመቶ የሆነው ታክስ በሕጉ «ተጨማሪ እሴት ታክስ» ተብሎ ሲጠራ፣ ፋይል ላይ «የእሴት ጭማሪ ግብር» ተብሎ የመጣ ትርጉም ቢተካው ደረሰኙ ላይ የሚወጣው ስም ከሕጉ ጋር አይገጥምም። ለኦዲተርና ለግብር ሰብሳቢው የሚቀርብ ሰነድ ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት ሊፈጠር አይገባም። ስለዚህ እኔ የምመክረው ዳታቤዙን እንደ ዋና ምንጭ ቆጥሮ ፋይሉን ከዚያ ማውጣት ነው።

የዳታቤዝ_ሰው

ስጋትዎ ተገቢ ነው፣ መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም። ዳታቤዙ ዋና ምንጭ ከሆነ፣ አሥር ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት አሥር የተለያየ አማርኛ ይኖረዋል፤ የአንዱ ቅርንጫፍ ሂሳብ ሠራተኛ ያረመው ቃል ሌላው ጋ አይደርስም፣ ማን መቼ ለምን እንደለወጠው የሚያሳይ መዝገብም አይኖርም። በሌላ በኩል ፋይሉ በጊት (የፋይል ለውጦችን ታሪክ በሚይዝ ሥርዓት) ውስጥ ካለ እያንዳንዱ ለውጥ ከምክንያቱ ጋር ተመዝግቦ ይቀመጣል። የእርስዎን ሠራተኞች እርማት ማክበር የሚቻለው ከኢምፖርት በፊት የዋናውን ዳታቤዝ ትርጉም በማውጣት፣ በጊት ካለው ፋይል ጋር በማነጻጸር እና ልዩነቱን ቃል በቃል ከተርጓሚዋና ከሂሳብ ክፍሉ ጋር ሆኖ በመወሰን ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ ጉዳይ በዚህ ንጽጽር ላይ ወዲያው ይታያል፤ ፋይሉም ላይ ከተስተካከለ ለሁሉም ቅርንጫፎች ይደርሳል።

ንጽጽሩ ከላይ በጠቀስኩት ምክንያት በሲኤስቪ ቢሆን እመርጣለሁ።

ሂሳብና_ሲስተም

ንጽጽሩ በእርግጥ የሚደረግ ከሆነ ተቃውሞ የለኝም። ይሁን እንጂ ባየኋቸው ቦታዎች ሁሉ ገንቢው በጥድፊያ ኦቨርራይትን ያስኬዳል፣ ሂሳብ ክፍሉ ለውጡን የሚያየው ደንበኛው ደረሰኙን ይዞ ሲመለስ ነው። ንጽጽሩን የማይፈርም ሰው ኢምፖርቱን እንዳያስኬድ በሥራ መመሪያ ላይ ይጻፍ።

ገንቢ_ከአዳማ

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ፋይሉን በሞጁሉ ፎልደር ውስጥ አስቀምጠን ሰርቨሩን ስናስነሣው ማስጠንቀቂያው በአማርኛ መጥቷል። የሂሳብ ክፍሉን እርማቶች ለማነጻጸርም ሲኤስቪ አውጥተናል፤ በመመሪያው ላይ የፊርማ ቦታ እንዲኖር የቀረበውን ሐሳብ ለድርጅቱ እናቀርባለን።

የቀረው ሠራተኞቹ የመዘገቧቸው የክፍያ ውሎች ጉዳይ ነው። የአንዱን ውል ስም በቀጥታ ከፖስትግሬስ ስናነበው የሚከተለውን አገኘን፦

{"ኢኤን_ዩኤስ": "በ30 ቀን የሚከፈል", "ኤኤም_ኢቲ": "በ30 ቀን የሚከፈል"}

በእንግሊዝኛው ቁልፍ ሥር አማርኛ ለምን ገባ? የውጭ አቅራቢዎች የሚቀበሉት የግዢ ትዕዛዝ በእንግሊዝኛ መሆን ስላለበት ይህ ለእኛ ትልቅ ችግር ነው።

የዳታቤዝ_ሰው

ያገኙት ነገር የሲስተሙ ብልሽት አይደለም። የአማርኛ ገጽ የሚጠቀም ሠራተኛ አዲስ መዝገብ ሲፈጥር፣ የጻፈው ነገር በራሱ ቋንቋም በእንግሊዝኛው ቁልፍም ሥር ይቀመጣል። እንግሊዝኛው የሁሉም ቋንቋዎች መነሻ ስለሆነ ባዶ ሊሆን አይችልም፤ አንድ ቋንቋ የራሱ ዋጋ ከሌለው ሲስተሙ የሚያሳየው የእንግሊዝኛውን ነው። በመሆኑም በአማርኛ የተፈጠረ መዝገብ እንግሊዝኛውም አማርኛ ይሆናል።

ከፋይሉ የቀሩበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። የኤክስፖርት ትዕዛዝ የሚያወጣው በውጫዊ መለያ ከተጠየቀው ሞጁል ጋር የተያያዙ መዝገቦችን ብቻ ነው። በሞጁሉ የዳታ ፋይል የተፈጠረ መዝገብ ይህ መለያ አለው፤ ሠራተኛው በገጹ ላይ የፈጠረው ግን የለውም፣ ስለዚህ የትኛውም ሞጁል አይጠይቀውም። ለእነዚህ መዝገቦች ፒኦ ትክክለኛው መንገድ አይደለም።

እኔ የምጠቀመው የኦዱ ሼልን (የፓይተን ትዕዛዝ በቀጥታ የሚጻፍበትን መስኮት) ነው። «ኦዱ-ቢን ሼል -ዲ ዋና» ብለው ይግቡ፤ የክፍያ ውሎቹን በአማርኛ ዓውድ አንብበው በአንድ ሠንጠረዥ ያውጧቸው፤ ተርጓሚዋ የእንግሊዝኛውን ዓምድ ትሙላ፤ ከዚያ «አፕዴት_ፊልድ_ትራንስሌሽንስ» በሚለው ዘዴ ለእያንዳንዱ መዝገብ የ«ኔም» ፊልድን በሁለቱም ቋንቋ አስተካክለው ያስቀምጡ። በሼል ውስጥ የተሠራ ለውጥ በራሱ አይጸናም፤ መጨረሻ ላይ «ኮሚት» ካላደረጉ ከሼሉ ሲወጡ ሁሉም ይጠፋል።

በዚህ ሥራ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። እንግሊዝኛውን ከማስተካከልዎ በፊት በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ የአማርኛው ቁልፍ መኖሩን ያረጋግጡ። የአማርኛ ቁልፍ የሌለው መዝገብ፣ ማለትም አማርኛ ከመጫኑ በፊት በእንግሊዝኛ ገጽ ላይ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ስም፣ እንግሊዝኛው ሲለወጥ አማርኛውን ያጣል።

ተርጓሚዋ_ገነት_ሰፈር

የክፍያ ውሎቹን እኔ እሞላለሁ፤ ገንቢው ሠንጠረዡን ሲልክልን ከስሙ ጋር መዝገቡ በየትኛው ሰነድ ላይ እንደሚታተም የሚያሳይ አንድ ዓምድ ቢጨምርልን መልካም ነው። ለአቅራቢ የሚላክ ውልና ለውስጥ ሥራ ብቻ የሚያገለግል ውል አንድ ዓይነት እንግሊዝኛ አይፈልጉም።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጠይቅ። ሠራተኞቹ «ሠራተኛ» የሚለውን አንዳንዴ በ«ሠ» አንዳንዴ በ«ሰ» ጽፈውታል፤ «ዕቃ»ም እንዲሁ በ«ዕ»ና በ«እ» ተጽፏል። መፈለጊያው ላይ አንዱን ስጽፍ ሌላው አይመጣልኝም። ይህን በኢምፖርቱ ጊዜ ማስተካከል ይቻላል?

ሰርቨር_ጠባቂ

በዩኒኮድ «ሠ» እና «ሰ» ሁለት የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ ፖስትግሬስ እንደ አንድ አይቆጥራቸውም፤ የኢምፖርት ትዕዛዙም የተሰጠውን እንዳለ ነው የሚያስገባው። ስለዚህ ማስተካከያው መደረግ ያለበት ፋይሉ ከመግባቱ በፊት ነው። እኛ በጊት ውስጥ የተስማማንባቸውን አጻጻፎች የያዘ አጭር ዝርዝር አለን፤ ፋይሉ ሲቀርብ አንድ ትንሽ የፓይተን ስክሪፕት የትርጉም መስመሮቹን ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሮ የተለየውን ያሳያል፣ ውሳኔውን ግን የሚሰጠው ተርጓሚው ነው። ስክሪፕቱ በራሱ እንዲለውጥ አላደረግንም፣ ምክንያቱም የሰውና የድርጅት ስሞች በሕጋዊ ሰነዳቸው ላይ እንደተጻፉ መቆየት አለባቸው።

አንድ የመጨረሻ ማሳሰቢያ ስክሪፕቱን ለሚጽፍ ሰው፦ የሚነካው የትርጉሙን መስመር ብቻ ይሁን። በሞዴል ተርምስ ግቤቶች ላይ የምንጩ ቃል አንድ ፊደል ወይም አንድ ባዶ ቦታ እንኳ ከተለወጠ ግቤቱ ከቪው ጋር ስለማይገጥም ሳይገባ ያልፋል። ባዶ የተተወ ትርጉምም እንዲሁ ይታለፋል እንጂ ነባሩን አያጠፋም፤ የተሳሳተ አማርኛ ለማስወገድ የፈለገ ሰው በቦታው ትክክለኛውን መጻፍ አለበት።

ገንቢ_ከአዳማ

የፊደል ዝርዝሩን ከተርጓሚዋ ጋር አዘጋጅተን ለዚህ ክር እናያይዘዋለን፤ ሌሎችም የየራሳቸውን ቢጨምሩበት ለሁሉም የሚጠቅም ይሆናል። የሼሉን ስክሪፕት አስቀድመን በአንድ ቅርንጫፍ ቅጂ ላይ እንፈትሸዋለን፤ የአማርኛ ቁልፍ የሌላቸውን መዝገቦች ለይቶ የሚያወጣውን ጥያቄም እዚሁ እንለጥፋለን።